ከዘምበራ የሸሸው ጥላ

ንጉሥ ሰርጸ ድባብ በዘምበራ ደጋ በነገሡበት ዘመን፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት በአንድ ቀትር፣ የመንግሥቱ ጥላ ጠፋ።

ጥላ ሲባል የንጉሡ ግርማ ማለት አይደለም። እርሱ በቦታው ነበር፤ እንዲያውም ከወትሮው ትንሽ ወፍሮ ነበር። የጠፋው የአድባሯ ጥላ ነው። በቤተ መንግሥቱ ደጅ፣ ከምንጩ በላይ፣ ብዙ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ እንኳ የማያቅፋት ዋርካ ቆማለች። የዘምበራ ሰዎች አድባር ይሏታል፣ ግንዷን ቅቤ ይቀቧታል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሥሯ ይፈርዳሉ። የአገሩ ሕግ አጭር ነው፤ «ፍርድ በጥላ ነው» ይላል። የፀሐይ ፍርድ ይቸኩላል፣ የቤት ውስጥ ፍርድ ይደበቃል ብለው አባቶቻቸው የደነገጉት ነው። ስለዚህ ርስት የሚካፈለው፣ ትዳር የሚያፈርሰው፣ በሬ የጠፋበት ሁሉ ወደዚያ ጥላ ይመጣል።

በዚያ ቀትር ዋና ፈራጁ የአንዲት ፍየል ጉዳይ ይዘው ሦስተኛውን ምስክር ሲሰሙ፣ ራሰ በራቸውን አንድ ነገር ለበለባቸው። ቀና ቢሉ ዋርካዋ ቅጠሏ አልረገፈም፣ ቅርንጫፏ አልተሰበረም። ዝቅ ቢሉ ምድሩ ፀሐይ በፀሐይ ሆኗል። ጥላው እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ሄዷል። ከቦታው ንቅንቅ ያላለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በምንጩ በኩል፣ እጁን ተንተርሶ፣ አያ ምንውየለት ተኝቷል።

አያ ምንውየለት በእንቅልፉ የታወቀ ሰው ነው። ከሳሽ አይደለም፣ ተከሳሽም አይደለም፤ በየቀኑ ይመጣል፣ ይተኛል፣ ልጁ እንኮዬ ምሳውን ይዛ መጥታ ትቀሰቅሰዋለች። ዘምበራ ሁሉ ለክርክር በሚመጣበት ጥላ፣ ለእንቅልፍ የሚመጣ እርሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁሉም ወደ እርሱ ዞረ።

«ጥላውን የት አደረስከው?» አሉት ዋና ፈራጁ።

«የቱን ጥላ?» አለ አያ ምንውየለት ዓይኑን እያሸ። ዙሪያውን ተመለከተ። «እኔ እንጃ። ተኝቼበት ነበር እኮ።»

«መጨረሻ የተገኘው በእርሱ እጅ ነው» ተባለና ታሰረ።

ሊፈርዱበት ግን አልቻሉም። ፍርድ በጥላ ነው፤ ጥላ ደግሞ የለም። የንጉሡን ጃንጥላ ዘርግተው ሞከሩ፤ አንድ ነገረ ፈጅ ተነሥቶ «ጃንጥላ ሲታጠፍ ፍርዱም አብሮ ይታጠፋል» ብሎ ተከራክሮ ረታ። የረታው በፀሐይ ስለሆነ መርታቱም አልጸናለትም። ወራት አለፉ። በዘምበራ የሚፋታ መፋታት፣ የሚታረቅ መታረቅ አቃተው። ያችን ፍየል ከሳሽም ተከሳሽም እየተፈራሩ ሳያልቧት ስለቀሩ ጡቷ አብጦ መከራዋን አየች። ጎረቤት አገሮች «ጥላ ቢስ» እያሉ ይሳለቁ ጀመር፤ ይኸኛው ስድብ ንጉሡን አንገበገባቸው።

«ፍርድ ጥላ ይሻል፤ ቁጣ ግን ጥላ አይሻም» አሉ ከዙፋናቸው ተነሥተው። «እስከ ጭጋግ በዓል ጥላው ካልተመለሰ፣ ሌባው ከእንጦርጦስ ገደል ይወርወር።»

ቤተ መንግሥቱ ትንቢት የሚናገር ቁራ ነበረው። ጮማ ካልበላ አይናገርም፤ ጮማ በልቶም ቢሆን የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጮማ ነው። በዚያን ዕለት ግን አንድ ሙሉ ሻኛ አቀረቡለት፤ ጨርሶ፣ ምንቃሩን ጠርጎ፣ እንዲህ አለ፤

«ከደጃችሁ ሸሽቶ የወረደው ጥላ፣
ከማታውቁት ዛፍ ሥር ተኝቷል በቆላ።»

ሰው ሁሉ ወደ ገደሉ አቅጣጫ ዞረ። ቆላ ማለት ሐሩራ ነው፤ ከዘምበራ ገደል በታች ያለ፣ ሙቀቱ ድንጋይ ያበስላል የሚባልለት አገር። ከተሰበሰበው ሰው መካከል እንኮዬ ወጣች። በእጇ የአባቷን የምሳ ሳህን እንደያዘች ነበር፤ እስር ቤት አድርሳው መመለሷ ነው።

«ንጉሥ ሆይ፣ ሺህ ዓመት ይንገሡ» አለች ተንበርክካ። «በዚያ ጥላ ሥር ነው ያደግሁት። መብረቅ የገመሰው ቅርንጫፍ ቀዳዳ የተወበትን ቦታ አውቃለሁ፤ በቀትር የትኛው ጫፍ ምንጩን እንደሚነካ አውቃለሁ። እኔ ወርጄ አመጣዋለሁ። ሳላመጣው ብመለስ የምድር ዛፍ ሁሉ ጥላውን ይንሳኝ።»

ንጉሡ ረጅም ጊዜ አዩዋት። «ሂጂ» አሉ። «ብቻ የቁራ መልእክተኛ ሆነሽ እንዳትቀሪ።» ቁራው ይህን ሲሰማ ፊቱን አዞረ።

ሁለት ጓዶች ተሰጧት። አንደኛው ሊቀ ዕፀው ጸዳሉ ነበር፤ የመንግሥቱ የዛፍ ሊቅ። ከአባቱ የወረሰው የወይራ በትር አለው፤ ሹመቱን ሲቀበል «በበትሬ ፊት ስሙን የማላውቀው ዛፍ የለም» ብሎ ምሏል። መሐላው ጥብቅ ነው፤ ሊቀ ዕፀው ስለ አንድ ዛፍ «አላውቀውም» ያለ ዕለት በትሩ ለሁለት ይሰበራል፣ ሹመቱም ያበቃል። ከዘር ማንዘሩ እንዲህ ያለ አልነበረም። ሁለተኛው የጦር አለቃው አበጋዝ ሞገሴ ነው። በር ላይ ሲቆም ቤቱ ይጨልማል። አንዴ ጠባብ መንገድ ላይ ከዝሆን ጋር ተፋጥጠው መንገድ የለቀቀው ዝሆኑ ነበር ይባላል። የማዕረጉ ምልክት ከትከሻው እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚወርድ ጥቁር የሱፍ በርኖስ ነው፤ እርሱን ማውለቅ ሹመት ማውለቅ ስለሆነበት ሲተኛ እንኳ አያወልቀውም። ቡላ የምትባል በቅሎ ስንቃቸውን ተሸከመች፤ ስንቁም ቆጮ ነበር።

ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ዛፉ ሁሉ ዘመድ ነበር። ሊቀ ዕፀው እያንዳንዱን በስሙ ሰላም ይላል። ጽዱን «እንደምን ዋልክ» ይላል፣ ኮሶውን ስለ ልጆቹ ይጠይቃል። ዝቅ ሲሉ ዋንዛና ብሳና መጡ፣ ከዚያም ሾላና ግራር። የመጨረሻዋን ወይራ ያለፉ ዕለት እንኮዬ ዞር ብላ አየቻት። እስከዚያች ወይራ ድረስ አገሯ አብሯት ይወርድ የነበረ ይመስላት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ዛፎች እንግዳ ነበሩ፤ ለሊቀ ዕፀው ግን እንግዳ ዛፍ የሚባል የለም። ቀጥ ያለ፣ ቅርንጫፍ የሌለው፣ ቅጠሉን አናቱ ላይ ብቻ የከመረና ከአንገቱ ሥር ቢጫ ፍሬ ያንጠለጠለ ነገር አጋጠማቸው።

«ጎመን ነው» አለ ሊቀ ዕፀው ሳያመነታ። «የሚቀጥፈው ጠፍቶ እንዲህ ልክ አጥቶ አደገ።»

«ጎመን ፍሬ ያፈራል?» አለች እንኮዬ።

«ተቆጪ ሲያጣ ምን የማያደርግ አለ።»

ቀጥሎ ሰማይ የሚነካ፣ ከቅጠሉ ሥር የሰው ራስ የሚያካክሉ ጠንካራ ፍሬዎች የታቀፈ ዛፍ አዩ። «የእኛው ዘንባባ ነው» አለ። «የሰው ቅል ሰርቆ ወጥቶበታል፤ ለመውረድ አፍሮ ነው።» ሥሩን ከቅርንጫፉ ወደ መሬት ያንጠለጠለውን «ዋርካ፤ ጢም አብቅሏል» አለው። ፍሬው ከቅርንጫፍ ሳይሆን ከግንዱ ላይ የተለጠፈውን ብቻ ትንሽ ዞሮ ተመለከተና «ኮሶ ነው፤ ሰነፍ ኮሶ» ብሎ አለፈ።

በቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ አንድ ብቻውን የቆመ ሌላ ዘንባባ ነበር። ግንዱ በቅርፊት ላይ ቅርፊት የተደራረበ፣ አናቱ ላይ አረንጓዴ ጎፈር የተበተነ። ሊቀ ዕፀው በበትሩ መታ መታ አደረገው። «ይኸም የእኛው ዘንባባ ነው» አለ። «ቆላ ሲወርድ ቆዳው ደነደነ።»

ዘንባባው ዓይኑን ከፈተ።

ዘንዶ ነበር። በጅራቱ ቆሞ፣ ጎፈሩን በትኖ፣ አላፊ አግዳሚ የሚጠብቅ የቁልቁለቱ ዘንዶ። አፉን ሲከፍት ቡላ በአራት እግሯ ወደ ኋላ ሄደች። አበጋዝ ሞገሴ ሰይፉን ሊመዝ ሲል በርኖሱ ተጠመጠመበት። ሊቀ ዕፀው ብቻ ንቅንቅ አላለም፤ ያለውን ቃል ማጠፍ የማይሆንለት ሰው ነው።

«ዓይን ያለው ዘንባባ» አለ ረጋ ብሎ። «አልፎ አልፎ ይገኛል።»

ዘንዶው አፉን ገጠመ። «እውነት ዘንባባ መሰልኩህ?»

«ምን መምሰል፣ ነህ እንጂ። ቅጠልህ ላይ ብቻ ትንሽ ይቀርሃል፤ ወደ ውጭ ጎንበስ አድርገው።»

ዘንዶው ጎፈሩን ጎንበስ አደረገ። ከተፈጠረ ጀምሮ ሥራውን ያደነቀለት ሰው አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ገና ሲያየው ነበር የሚሮጠው። ደስ ብሎት የሚያውቀውን ነገራቸው። ባለቤት የሌለው ጥላ ቁልቁል ሲወርድ አይቷል፤ እንደ ደከመው መንገደኛ ድንጋይ ለድንጋይ እየተጎተተ፣ ወደ ሐሩራ ገበያ አቅጣጫ ሄዷል። «በሉ እለፉ» አለና ዓይኑን ጨፍኖ እንደገና ዛፍ ሆነ።

ሐሩራ ደረሱ። የሐሩራን ሙቀት ለመናገር አበጋዝ ሞገሴን ማየት ይበቃል። ላቡ ከበርኖሱ ጫፍ ይንጠባጠባል፣ በየመንገዱ «ጥላ የለም?» ይላል፣ ጥላ ሲያገኝ ከሥሩ ማንቀሳቀስ መከራ ነው። እንኮዬ ግን መቀመጥ አልቻለችም። የጭጋግ በዓል እየቀረበ ነው። ከዛፍ ወደ ዛፍ ትሮጣለች፣ «ይኸስ?» ትላለች። ሊቀ ዕፀው ሽቅብ ያያል፣ ስም ይሰጣል፤ ስሙ ከታወቀ ደግሞ ቁራው ያለው ዛፍ አይደለምና ያልፋሉ። ሌላ ዛፍ፣ ሌላ ስም፣ እንደገና ማለፍ። በዚህ መሐል ቆጮው አለቀ።

የተራቡ ዕለት ነው እንግዲህ ያ የእርሻ ቦታ ፊታቸው ድቅን ያለው። ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠል፣ ወፍራም ለስላሳ ግንድ፣ ረድፍ በረድፍ። ሊቀ ዕፀው ቆመ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እንሰት» አለ።

አበጋዝ ሞገሴ ተንበረከከ። ከአገሩ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለ ውብ ነገር አላየም። እንኮዬ «በሰው ቦታ ገብተን ከምንበላ እንጠይቅ» ብትል የሚሰማት ጠፋ፤ ለመንገደኛ እንሰት መንፈግ በዘምበራ ነውር ነው። እርሷ ቡላን ይዛ ቀረች፤ ሁለቱ ተኩላ እንደገባበት በረት ያንን ቦታ አመሱት። ግንዱን ጣሉ፣ ሥሩን ቆፈሩ፣ ፋቁ፣ በቅጠል ጠቀለሉ፣ እስኪብላላ ጉድጓድ ምሰው ቀበሩት። ከየግንዱ ላይ የተንጠለጠለ የጣት ቅርጽ ያለው ቢጫ ነገር ነበረበት።

«ይኸስ?» አለ አበጋዝ።

«በሽታ ነው» አለ ሊቀ ዕፀው። «ጣለው።»

ለቡላ ጣሉላት። ቡላ በላች፤ ዓይኗን ጨፍና በላች። እንኮዬም አንዱን ልጣ ቀመሰች፣ ዝም ብላ ሁለተኛውን ላጠች፤ ከዚያ ሦስተኛውን። ልትናገር አፏን ስትከፍት ከኋላቸው የሴት ድምፅ ሰሙ።

«ምን እየሠራችሁ ነው?»

እማ ሱልጤ ነበሩ፤ የቦታው ባለቤትና የሐሩራ ገበያ እናት። በገበያው ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው። ቆመው የተገነደሰውን እርሻ፣ ጉድጓዱን፣ አፈር የለበሱትን ሁለት ሰዎች አዩ።

«ቆጮ ቀብረን ነው፣ እመቤቴ» አለ ሊቀ ዕፀው በኩራት። «ሲብላላ ለእርስዎም ይደርስዎታል።»

እማ ሱልጤ ቡላን ተመለከቱ። ቡላ አሁንም ትበላለች። «ከመካከላችሁ ሰው ይህች በቅሎ ብቻ ናት» አሉ። «ይህ ሙዝ ነው። የሚበላው እናንተ የጣላችሁት ነው፤ የቀበራችሁት ደግሞ ለዘንድሮም ለከርሞም አይበላም።»

ከዚያ የሐሩራን ሕግ ነገሯቸው። ፀሐይ በበረታበት አገር ጥላ ከእህል ይከብራል፤ ስለዚህ ጥላ ያጠፋ ሰው ጥላ ሆኖ ይቆማል። ዛፍ የቆረጠ፣ በዛፉ ቦታ እጁን ዘርግቶ፣ ምትኩ አድጎ ቁመቱን እስኪያልፈው ድረስ ይቆማል፤ ሕፃናት በሥሩ ይጫወታሉ። «ሙዙ ከጎኑ ቡቃያ ስላለው እምራችኋለሁ» አሉ። «ፀሐይ እስኪያዘነብል ብቻ ቁሙ። ያቺ ልጅ አልቆፈረችም፤ ትቀመጥ።»

በዚህ ዓይነት ሊቀ ዕፀው ጸዳሉና አበጋዝ ሞገሴ ሙዝ ሆነው ቆሙ። አበጋዙ በርኖሱን ዘርግቶ ሲቆም የሰፈሩ ልጆች በሙሉ ተንጋግተው ከእርሱ ሥር ገቡ። በሊቀ ዕፀው ሥር አንዲት ጫጩት ገባች፤ እርሷም ጭራዋ ፀሐይ ላይ ቀረ። ጊዜው እንዲሄድለት ከቆመበት የሚያያቸውን ዛፎች እየጠራ ነበር። ያ ብሳና፣ ያኛው ዝግባ፣ ያ ወዲያ ደግሞ ዋንዛ።

«ሊቀ ዕፀው» አለች እንኮዬ ከፊቱ ተቀምጣ። «ቁራው የተናገረው ከማታውቁት ዛፍ ሥር ብሎ ነው። ከዘምበራ ከወጣን ወዲህ እርስዎ ያላወቁት ዛፍ አጋጥሞናል?»

«የለም። ምን በወጣን።»

«እንግዲያ አባቴን ገደል ጣሉት በሉኛ» አለች። አልጮኸችም።

ሊቀ ዕፀው አጥሩ ላይ ወደ ተደገፈው በትሩ ዞሮ አየ። እጆቹ እንደተዘረጉ ናቸው፤ በአናቱ ላይ የሙዝ ቅጠል ተለጥፏል። «ልጄ» አለ በመጨረሻ፣ «ያ በትር የአባቴ ነው፣ የአያቴም ነው። እርሱ ከተሰበረ እኔ ምን እሆናለሁ?»

«አሁንስ ምንድን ነዎት?» አለ አበጋዝ ሞገሴ ከጎኑ። «ሙዝ ነዎት።»

እንኮዬ ወደ ገበያው ዳር ጠቆመች። እዚያ አንድ ዛፍ ቆሟል፤ ግንዱ ጎተራ የሚያህል፣ ቅርንጫፎቹ አጫጭርና መላጣ፣ አንድም ቅጠል የሌለው። «ያስ?»

«እርሱማ የእኛው...» ብሎ ጀመረ። ዓይኑ ከእርሷ ዓይን ጋር ተገጣጠመ። የምሳውን ሳህን እስካሁን በወገቧ እንዳሰረች መሆኗን አየ። 

«አላውቀውም» አለ።

አጥሩ ላይ የተደገፈው የወይራ በትር ቋ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። ሊቀ ዕፀው ድምፁን ሰምቶ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ምን እንደነካው እንጃ፣ ቃሉ አንድ ጊዜ ከወጣ ወዲያ አላቆም አለው። «ያንን ጎመን ያልኩትንም አላውቀውም። ቅል የሰረቀውንም አላውቀውም። ሰነፍ ኮሶ ያልኩት ምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ዘንዶውም ዘንዶ ነበር።»

እንኮዬ ግን አትሰማውም። እስከዚያ ቀን ዛፍ ባዩ ቁጥር ስም ለመፈለግ ሽቅብ ነበር የሚያዩት፤ ለዚህኛው ስም አልተገኘለትምና ዓይኗ ወደ ታች ወረደ። ዛፉ ቅጠል የለውም። ጥላው ግን ቅጠል በቅጠል ነበር።

ሮጠች። በገበያተኛው መካከል፣ በቅርጫትና በዶሮ ላይ እየዘለለች ደረሰች። መብረቅ የተወው ቀዳዳ እዚያው በቦታው ነበር፤ ያ የምታውቀው የፀሐይ ቁራጭ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። ማረፍ አማራትና ጥላው ጥቁር ብሎ ወደ ወፈረበት ወገን ሄደች። ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ከለከለቻት።

«እዚያ አትቀመጪ፣ እህቴ። የሰው ቦታ ነው።»

«የማን?»

«እኛ ምን እናውቃለን። ጥላው ከመጣ ጀምሮ ያችን ቦታ ለአንድ ሰው ይዞ ይጠብቃል። በቀትር ሁሉን ትቶ እዚያ ላይ ይሰበሰባል።»

ቦታዋ አንድ ሰው እጁን ተንተርሶ የሚተኛባትን ያህል ነበረች። እንኮዬ አለቀሰች። ክርክርና መሐላ አሰልችቶት የሸሸ ጥላ፣ ክስ ሳይዝ ይመጣ የነበረውን አንድ ሰው ብቻ አልረሳም። አባቷ እንደሚተኛው ተኛችና ጉንጯን ከመሬቱ አስጠጋች።

«አባቴ ታስሯል» አለችው። «አንተን ሰረቀ ተብሎ ነው። ሊገድሉት ነው።»

ነፋስ አልነበረም፤ የጥላው ቅጠሎች ግን ተነቃነቁ። ከዚያ ጥላው ከዳር ጀምሮ ተነሣ፣ ተሰበሰበ፣ ከእግሯ ሥር መጥቶ ቆመ። ገበያው ሁሉ ፀሐይ ላይ ቀረ፤ ሽንኩርት ሻጯ ነጠላዋን አናቷ ላይ ጣለች።

ፀሐይ አዘንብላ ነበርና እማ ሱልጤ ሁለቱን ቋሚዎች አስከትለው መጡ። «በፈቃዱ መጣ፣ በፈቃዱ ይሂድ» አሉ። «ነገር ግን ሕጉን ሰምታችኋል። ጥላ የወሰደ ጥላ ይተዋል። ያቺ ከዛፉ ጎን የተተከለችው የማንጎ ችግኝ አድጋ ቁመቱን እስክታልፈው ድረስ አንድ ሰው እዚህ ይቆማል።» የማንጎዋ ችግኝ ከጉልበት አታልፍም።

«እኔ እቆማለሁ» አለች እንኮዬ፤ ጥላው ግን የሚከተለው እርሷን ነው። ሊቀ ዕፀውም «እኔ» አለ። እማ ሱልጤ ከላይ እስከ ታች አዩትና «ያንተን ጥላ ከጫጩቷ ጠይቄያለሁ» አሉት።

አበጋዝ ሞገሴ ወደ ችግኟ ተመለከተ፣ ወደ ፀሐይዋም ተመለከተ። ላቡን ጠረገ። ሰይፉን ከነአፎቱ ፈቶ ለእንኮዬ ሰጣት።

«እኔ የዘምበራ አበጋዝ ሞገሴ» አለ፣ ድምፁ ገበያውን ሞላው፣ «ከጠላት ሸሽቼ አላውቅም። ከዚህች ፀሐይ ግን ከመጣን ጀምሮ በየቀኑ ስሸሽ ነበር። ከዛሬ ወዲያ አልሸሽም። ይህን ሰይፍ ለእናቴ ስጪልኝ። ከቆጮው የእኔን ድርሻ ለጎረቤት ታድርግ በያት።» ሲናገር ዓይኑ ረጠበ። ላብ ነው አለ፤ ማንም አልተከራከረውም። ከመላጣው ዛፍ ሥር ሄዶ በርኖሱን ዘረጋ። ሽንኩርት ሻጯ ዕቃዋን ሰብስባ ከሥሩ ገባች።

እንኮዬ እያለቀሰች ሽቅብ ወጣች፤ ጥላው ከኋላዋ። ሊቀ ዕፀው በየመንገዱ የአገሬውን ሰው እያስቆመ ይጠይቃል። «ይህ ዛፍ ማን ይባላል?» ይላል፣ «ፓፓያ» ይሉታል፣ ይደነቃል። እንዲህ ያለ ደስታ እንዳለ ሳያውቅ ሸምግሏል።

የጭጋግ በዓል ዕለት ዘምበራ ሁሉ በእንጦርጦስ ገደል አፋፍ ተሰብስቧል፤ ጭጋጉ ግን በዚያ ዓመት ዘግይቶ ፀሐይዋ ፍጥጥ ብላለች። አያ ምንውየለት አፋፉ ላይ ተኝቷል። ወርዋሪዎቹ ሊቀሰቅሱት ይታገላሉ፤ የተኛ ሰው መወርወር ነውር ነው። አንዱን ዓይኑን ከፈት ሲያደርግ «ተነሣ» ይሉታል፣ «እሺ» ይላል፣ ይተኛል። በዚህ መካከል ከገደሉ ሥር ጥቁር ነገር ሽቅብ ወጣ። ጥላው ነበር፤ አብራው የምትወጣውን እንኮዬን ትቶ፣ ንጉሡን አልፎ፣ ሮጦ አያ ምንውየለት ላይ ተዘረጋና ጸጥ አለ።

አያ ምንውየለት ቀዝቀዝ ሲለው ዓይኑን ከፈተ። ጥላውን አየ፣ ልጁን አየ። «መጣችሁ?» አለ። «ምሳ አለ?»

ዋና ፈራጁ ወዲያው ከጥላው ዳር ተቀመጡ። ከብዙ ወራት በኋላ ራሰ በራቸው ሲቀዘቅዝ ቁጣቸውም አብሮ ቀዘቀዘ። «የተሰረቀ ዕቃ በራሱ እግር ወደ ሌባው አይመለስም» ብለው ፈረዱ፤ ነጻ አወጡት። የፍየሏም ክርክር ከሦስተኛው ምስክር ቀጠለ። አያ ምንውየለት ተነሥቶ ወደ ዋርካዋ ሲመለስ ጥላውም ተከትሎት ገባ። ንጉሡ ደግሞ አዲስ ሕግ ጨመሩ፤ ከሳምንቱ አንድ ቀን በአድባሯ ሥር ክስ እንዳይሰማ፣ የፈለገ ይተኛ።

ከዚያ በኋላ እንኮዬ በየዓመቱ የአበጋዝ ሞገሴን ቆጮ ይዛ ሐሩራ ትወርድ ነበር። ሹመቱን የተቀማው ሽማግሌ ጸዳሉም አብሯት ይወርዳል፤ የዛፍ ስም ለመጠየቅ። አበጋዙ ጠቁሮ ከስቷል፣ በርኖሱ ነጥቷል። በሥሩ ዳኛ የለም፣ ወታደር የለም፤ ሽንኩርትና ሳቅ ብቻ ነው። ሕፃናት በእጁ ላይ ይንጠለጠላሉ፣ ሴቶቹ ሙዝ እየላጡ ያጎርሱታል። የማንጎዋ ችግኝ አንዱን ዓመት ከወገቡ ደረሰች፣ በሌላው ከደረቱ፣ ከዚያ ከአገጩ።

በመጨረሻ እንኮዬ ደስ እያላት ወረደች፤ በዚያ ዓመት ማንጎዋ እንደምታልፈው አስልታለች፣ እናቱም ቤቱን አስጠርገው ይጠብቃሉ። ከሩቅ ስታይ ግን ማንጎዋ አሁንም ከእርሱ ጥቂት ታንሳለች። ግራ ገብቷት ቀረበች። እማ ሱልጤ ሁሉን እንዳወቁ ፈገግ ብለው ወደ መሬት ጠቆሟት።

ዝቅ ብላ የበርኖሱን ጫፍ ገለጠች። አበጋዝ ሞገሴ ተረከዙን አንሥቶ በእግሩ ጣቶች ቆሟል።